ከሥራ ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ፦ በመሥሪያ ቤታችሁ የስፖርትና የጤና ትምህርት ፕሮግራም እንዴት ይጀመራል?

የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መሀል ከተማ ያለ ቢሮው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለመድረስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣል። ማታ ታክሲ ተሰልፎ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ቤቱ ሲገባ ምሽት 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ ያለውን 8 ሰዓት ወንበር ላይ ነው የሚያሳልፈው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ስፖርት ሥራ፣ ጤናህን ጠብቅ» ብንለው ምን ይጠቅመዋል? መቼ ይሥራ?

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ኤሮቢክስ ተጀምሮ ነበር። አሠልጣኝ ተቀጠረ፣ አዳራሽ ተዘጋጀ። የመጡት መኪና ያላቸውና ቤታቸው ቅርብ የሆነ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው እናቶች አልመጡም። ጽዳቶች አልመጡም። ጥበቃዎች አልመጡም። በሁለተኛው ወር ፕሮግራሙ ቆመ፣ «ሠራተኛው ፍላጎት የለውም» ተባለ። ይሄ አባባል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፍላጎቱማ ነበር። ያልነበረው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ እንቅስቃሴውም ትምህርቱም ከሥራ ሰዓት ውስጥ ይቆረጥ። በቀን 10 ደቂቃ። 15 ሰው ላለው ቢሮም፣ ሽፍት ላለው ፋብሪካም ይሠራል።

1. መጀመሪያ ዞራችሁ እዩ

ለአንድ ሳምንት ምንም አትጀምሩ። ደብተር ይዛችሁ ዙሩ። ማን ይቀመጣል? ማን ይቆማል? ማን ይሸከማል? የባንክ ካሸር አንገቱን ደፍቶ ብር ሲቆጥር ይውላል። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ኦፕሬተር ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ጥበቃው ቆሞ፣ ሹፌሩ መሪ ጨብጦ፣ የመጋዘን ሠራተኛው ተሸክሞ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ስፖርት ማዘዝ ስህተት ነው።

ከዚያ ስም የማይጻፍበት አንድ ገጽ መጠይቅ በትኑ። አምስት ጥያቄ ይበቃል። የት ያማችኋል? ከቤት ቢሮ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባችኋል? ምሳ ከየት ትበላላችሁ? ማታ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? በቀን 10 ደቂቃ ቢሰጣችሁ በስንት ሰዓት ቢሆን ይመቻችኋል? ማንበብ የሚከብደው ሠራተኛ ካለ አለቃው ሳይሆን የሚቀርበው ሰው በቃል ይጠይቀው።

ወረቀቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንገት፣ ትከሻና ወገብ ነው። «ዲስክ አለብኝ» የሚልም አይጠፋም። እነሱን ለብቻ አስታውሷቸው፣ ወደ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

2. ከአለቃ ገንዘብ ሳይሆን ሰዓት ጠይቁ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጂም ዕቃ ዝርዝርና የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ ይገባል። ማኔጅመንቱ ዋጋውን አይቶ «በጀት የለም» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

እናንተ በሂሳብ ግቡ። በቀን 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ 50 ደቂቃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ቢበዛ 48 ሰዓት ነው፣ ማለትም 2,880 ደቂቃ። 50 ደቂቃ ከዚህ ውስጥ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የ8 ሳምንት ሙከራ ጠይቁ። እንቅስቃሴው ብቻ፣ ትምህርቱ ሳይቆጠር፣ ለአንድ ሰው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መሆኑ ነው። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበትም ይደነግጋል። ስፖርት አሠሩ ብሎ አያዝም፣ ግን ጥያቄያችሁ ከሕጉ መንፈስ የወጣ እንዳልሆነ ያሳያል። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ አንሱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። «በዚህ የተነሳ የሕክምና ወጪ ይቀንሳል፣ የሚቀር ሰው አይኖርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። በአሜሪካ 33,000 ገደማ ሠራተኞች ባሉት አንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ውስጥ ቅርንጫፎቹ በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን የጤና ፕሮግራም ተሰጥቶት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከ18 ወር በኋላ ፕሮግራሙ የደረሳቸው ሰዎች ስፖርት እንደሚሠሩና ክብደታቸውን እንደሚቆጣጠሩ የተናገሩበት መጠን ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። በደም ግፊት፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። እኔ ይህን የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በአንድ ዓመት ትርፍ ታያላችሁ ተብሎ የተፈቀደ ፕሮግራም ትርፉ ካልታየ በዓመቱ ይዘጋል። ለአለቃው እውነቱን ንገሩት፦ ሰዎች መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ ደም ግፊታቸውን ያውቃሉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አንዳንዶቹ ይቀላቸዋል። ለ2 በመቶ ሰዓት ይህ በቂ ምክንያት ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የእናንተም ዕቅድ በዚያ የሚሄድ ከሆነ በግንቦትና በሰኔ፣ ዕቅድ ሲረቀቅ፣ አስገቡት። ሥራውን ደግሞ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ክረምቱ ወጥቷል፣ የዘመን መለወጫና የመስቀል ግርግር አልፏል፣ ሰው ተረጋግቷል።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ አለቃው ራሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ይቁም። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ክንዱን ሲዘረጋ ያየ ሠራተኛ «ሥራ ፈት ይሉኝ ይሆን?» ብሎ አይሳቀቅም።

3. ኮሚቴው

ከአራት ሰው አይብለጥ። አንዱ ከጽዳት ወይም ከጥበቃ ይሁን። ቢያንስ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። መሪውን ስትመርጡ ስፖርተኛውን ሰው አትምረጡ። እሱ ሰውን ያለፋል፣ ሌላው ያፍራል። ሁሉም የሚወደው፣ ቀልድ የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚያከብር ሰው ይሻላል።

4. ደም ግፊት መለካት፤ በምስጢር

ከስፖርቱ በፊት ይህ ይቅደም። ሁለት ጥቅም አለው። ማን መጠንቀቅ እንዳለበት ይታወቃል። ሰውም ራሱን ያውቃል። «ራሴን አያመኝም፣ እኔ ደም ግፊት የለብኝም» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። ደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ወይም ለግማሽ ቀን ነርስ ክፈሉ። ክሊኒክ ያለው ድርጅት ከሆነ በራሱ ይበቃል። መለኪያ የምትገዙ ከሆነ በክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል።

አለካኩ ትክክል ካልሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ተለኪው ቀደም ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፣ ሲጋራ አያጭስ። ሽንቱን ይሽና። ደረጃ ወጥቶ ሮጦ መጥቶ ወዲያው አይለካ፤ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ጀርባው ወንበሩን ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ እግር አይቆላልፍ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልቡ ትክክል ይሁን። ሲለካ አያውራ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለካ።

140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን መደገም አለበት፤ በአንድ ልኬት ብቻ ሰውን «በሽተኛ ነህ» አይሉትም። በሁለተኛውም ቀን ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። 180/120 እና በላይ ሆኖ ደግሞ ደረቱን የሚያመው፣ ዓይኑን የሚያደበዝዘው፣ የሚያቃትተው ወይም ብርቱ ራስ ምታት ያለበት ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ስኳር የምትለኩ ከሆነ ሳይበላ ያደረ ሰው 126 ሚሊግራም እና በላይ ካሳየ እሱም ለማረጋገጫ ምርመራ ይላካል።

አሁን ወደ ምስጢሩ። ውጤቱ ለሰው ሀብት ክፍል አይደርስም። ለአለቃ አይደርስም። ነርሷ በትንሽ ካርድ ላይ ጽፋ ለባለቤቱ ብቻ ትሰጣለች። መለኪያው ክፍል በር ይኖረዋል፣ በሩ ይዘጋል። ሰው አንድ ጊዜ ቁጥሩ ከወጣበት ሁለተኛ አይመጣም፤ ጓደኞቹም አይመጡም። «ደም ግፊት ስላለበት ሹመቱን አይችልም» የሚል ወሬ አንድ ጊዜ ከተነሳ ፕሮግራሙን ቀብራችሁታል።

አሁን ባለሁበት ቢሮ የመጀመሪያውን ልኬት ስናደርግ በር ላይ የሚጠብቁት ጋሼ «እኔንም ይጨምራል?» ብለው ጠየቁ። እንዴታ! ተለኩ፣ በጣም ከፍ ያለ ሆነ። በሌላ ቀንም እንደዚያው። ጤና ጣቢያ ሄደው ዛሬ መድኃኒት ይወስዳሉ። ያንን ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

5. 10 ደቂቃው ራሱ

ሰዓቱ፦ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። ሰው የሚደክምበትና የሚያዛጋበት ሰዓት ነው። ዓርብ ምሳ ሰዓት አካባቢ አታድርጉ፣ የጁምዓ ሶላት አለ። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ጠዋቱ ላይ አድርጉት፣ እንቅስቃሴውንም አለስልሱት።

ልብስ አይቀየርም። ሻወር የለንማ። ስለዚህ ማንም የማያልበው፣ በቀሚስም በሱፍም የሚሠራ መሆን አለበት። መሬት ላይ የሚተኙበት ነገር አይግባበት። ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች ታውልቅ። እንዲህ አድርጉት፦

በመጀመሪያው ደቂቃ በቆማችሁበት ተራመዱ። እጅ ይወዛወዝ፣ ጉልበት ከፍ ይበል።

ከዚያ አንገት። ጭንቅላትን እንደ መንኮራኩር ማዞር ይቅር። በቀስታ ወደ ቀኝ ማየት፣ ወደ ግራ ማየት፣ ጆሮን ወደ ትከሻ ማስጠጋት። በየአንዱ 10 ሰከንድ ቆዩ። ቀጥሎ ሁለቱን ትከሻዎች እስከ ጆሮ አንስቶ መልቀቅ፣ 5 ጊዜ። ወደ ኋላ ማሽከርከር፣ 10 ጊዜ።

ለሚጽፍ፣ ብር ለሚቆጥርና ለሚሰፋ እጅ፦ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ማድረግ፣ በሌላው እጅ ጣቶቹን ወደ ራስ መሳብ። 15 ሰከንድ በየእጁ። ከዚያ ጨብጦ መዘርጋት፣ 10 ጊዜ።

ወንበር ላይ መቀመጥና መነሳት፣ እጅ ሳይጠቀሙ፣ 10 ጊዜ። ወንበሩ ጎማ ካለው ግድግዳ ይደገፍ። ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ደረጃ ለመውጣትም ከወለል ለመነሳትም ያ ጡንቻ ነው የሚያስፈልገው። ያቃተው ሰው የወንበሩን እጀታ ይያዝ። 10ሩ ካልሆነ 4 ይሥራ።

የግድግዳ ፑሽ አፕ፣ 10 ጊዜ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ መቆም፣ መዳፍን በትከሻ ልክ ማሳረፍ፣ ደረትን ማስጠጋትና መግፋት።

ተረከዝን አንስቶ በጣቶች መቆም፣ 15 ጊዜ፣ ወንበር ይዞ። ተቀምጦ ወይም ቆሞ ለሚውል እግር ደሙን ወደ ላይ ይመልስለታል።

ለወገብ፦ ሁለት እጅን ወገብ ላይ አድርጎ በጥቂቱ ወደ ኋላ መለጠጥ፣ 5 ጊዜ። «ዲስክ አለብኝ» ያለው ሰው ይህን የሚሠራው ሐኪሙ ከፈቀደለት ብቻ ነው። ሕመሙ ወደ እግሩ የሚወርድ ከሆነ ያቁም። የሚያደነዝዘውና እግሩ የሚዝልበት ከሆነ ደግሞ ስፖርት ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የዘፈን ናቸው። እስክስታ! በእውነት ነው የምላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ለታሰረ ትከሻ ከእስክስታ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ትከሻውን፣ ደረቱን፣ የላይኛውን ጀርባ በአንድ ላይ ያነቃንቃል። ደግሞ ማንም «አልችልም» አይልም። ሁሉም የአካባቢውን ጭፈራ ያሳይ፤ ሰኞ የጎጃም፣ ማክሰኞ የወሎ፣ ረቡዕ የጉራጌ። ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ሰዎች ሲገቡ ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው። ከመበተናችሁ በፊት በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፣ 5 ጊዜ። ከዚያ ወደ ሥራ።

እርጉዝ የሆነች፣ በቅርቡ የተወለደላት ወይም ኦፕሬሽን የሆነች፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም ግፊቱ ገና ያልተስተካከለ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ይግባ። ደረቱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይቀመጥ። የአምቡላንስ ስልክ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የቀይ መስቀል 907፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 939።

6. ቆሞ ለሚውል፣ ለሚሸከም፣ ለሚነዳ

ጥበቃውን፣ አስተናጋጇን «ኑ ቁሙና ስፖርት ሥሩ» ማለት ተገቢ አይደለም። ለእነሱ 10 ደቂቃው መቀመጫ ነው። እግራቸውን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅለው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን እያዞሩ። ለጥበቃ ቤት አንድ ወንበር መግዛት ከየትኛውም የጂም ዕቃ ይበልጣል።

ለሚሸከሙት ደግሞ አነሳሱን አስተምሩ። ዕቃውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት። ጉልበትን ማጠፍ፣ ወገብን አለማጠፍ። እንደተሸከሙ ወገብን አለመጠምዘዝ፤ መዞር ካስፈለገ በእግር መዞር። የሚከብደውን ለሁለት ማንሳት። ይህን በወረቀት አታስተምሩም፣ መጋዘን ገብታችሁ በእውነተኛው ካርቶን አሳዩ።

ሹፌሮች በየሁለት ሰዓቱ ወርደው መኪናውን እየዞሩ 5 ደቂቃ ይራመዱ። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉንም የምርት መስመር በአንድ ጊዜ ማቆም አይቻልም፣ ስለዚህ በተራ፣ መስመር በመስመር። ሱፐርቫይዘሩ የዕለቱን የምርት ግብ ካልቀነሰ ግን ያቺ ኦፕሬተር የተሰጣትን 10 ደቂቃ በምሳዋ ትከፍላለች። ይህንን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስወስኑ።

7. ደረጃውና መንገዱ

የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሹፌርና ትኬት ቆራጭ ነበራቸው። ሹፌሩ ተቀምጦ ይነዳል። ትኬት ቆራጩ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር የደረጃ እርከን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጄሪ ሞሪስ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት ትኬት ቆራጮቹ ከሹፌሮቹ ባነሰ መጠን በልብ በሽታ እንደሚጠቁ አሳዩ። ሹፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራም ስለነበሩ ይሆን? ሞሪስ ይህንንም ጠየቁ። የደንብ ልብስ መዝገብ ሲታይ እውነትም የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ነበር። ሆኖም ቀጭኑም ወፍራሙም ትኬት ቆራጭ ከአቻው ሹፌር የተሻለ ነበር። ለሠራተኞቻችሁ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። ጂም የገባ ሰው የለም። ሥራቸው ውስጥ የነበረ ደረጃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ አጭርም ቢሆን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ እንደሚቆጠር ገልጿል። የቢሮው 10 ደቂቃ ረጋ ያለ ነው፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ቀሪውን እርምጃ ይሙላው። ጠዋት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ማታም እንደዚያው፤ ፈጠን ብሎ መራመድ። ሰርቪስ ያላችሁ ሹፌሩን አነጋግሩ፣ ለፈቃደኞች ከቢሮው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ያውርድ። ሊፍት ያለበት ሕንፃ ከሆነ እስከ ሦስተኛ ፎቅ በእግር ይሁን፣ ግን መጀመሪያ የደረጃውን አምፖል አስቀይሩ። በጨለማ ደረጃ ማንም አይወጣም።

የቡድን ግብም ይረዳል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚደረገው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ብዙ መሥሪያ ቤቶች በቡድን የሚወጡበት ነው። ሩጡ አልልም። እየተራመዱ፣ እየጨፈሩ የሚጨርሱት ብዙ ናቸው። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. የጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀንም መንገዱ ለእግረኛ ሲለቀቅ ከነቤተሰብ ለመውጣት ጥሩ ነው። እነዚህ ተጨማሪዎች ናቸው እንጂ የ10 ደቂቃው ምትክ አይደሉም።

8. ትምህርቱ፦ አንድ ርዕስ፣ አንድ ዕቃ

በሁለት ሳምንት አንዴ፣ 15 ደቂቃ፣ በሥራ ሰዓት። ባለ 40 ገጽ ፓወር ፖይንት ይቅር። በእጅ የሚያዝ አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ።

ለጨው የሻይ ማንኪያ ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ማንኪያውን አሳዩና «ይሄ ሽሮው ውስጥ ያለውንም፣ ዳቦው ውስጥ ያለውንም፣ በርበሬው ሲፈጭ የገባውንም ጨምሮ ነው» በሉ። ክፍሉ ዝም ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ባልትናው ቤት የሚዘጋጅ ከሆነ በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ጨውን በመጨረሻ መጨመር፣ ጠረጴዛ ላይ የጨው ዕቃ አለማስቀመጥ።

ለስኳር የለስላሳ ጠርሙስና የስኳር ዕቃ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ አካባቢ። በግልጽ ብርጭቆ ውስጥ እየቆጠራችሁ ጨምሩት፣ ይዩት። ሻይ በሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ደርሷል፣ 48 ግራም። ለአዋቂ የሚመከረው ጣሪያ 50 ግራም አካባቢ ነው፣ ከ25 በታች ቢሆን ይሻላል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ፤ ምላስ ይለምዳል።

የጾም ርዕስ በአክብሮት ይነሳ። የጾም በየዓይነቱ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ጥሩ ምግብ ነው። የሚጎዳው ዘይቱ ሲበዛና እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ በአንዴ ሲበላ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩንም ያነጋግር። መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይቆምም። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን እየወሰደ ሊጠመቅ ይችላል። ይህን ነገር ከነርሷ ጎን አንድ ካህን ቢናገሩት ከእኛ መቶ ጊዜ ይሰማል።

ሌሎቹን ርዕሶች በአጭሩ ልጥቀስ። እንቅልፍና ቡና አብረው ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና ማታ ሊያስቸግር ይችላል፣ ጫትም እንደዚያው። ሲጋራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባለ የሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፣ ስለዚህ በመተላለፊያው የሚጨስበት ቢሮ ሕግ እየጣሰ ነው። ለሴቶች የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ በጤና ተቋማት ይሠራል፣ ነርስ መጥታ ለሴቶች ብቻ ብታስረዳ ጥያቄው ይፈሳል። የስትሮክ ምልክትን ሁሉም በቃሉ ይያዝ፦ ፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ አንድ ክንድ መስነፍ፣ አንደበት መተሳሰር። ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ጭንቀት ላይ ባለሙያ ጋብዙ። አለቃ ስለ ጭንቀት ሲያስተምር ሠራተኛው ዝም ይላል፣ አንዳንዴ የጭንቀቱ ምንጭ ፊት ለፊቱ የቆመው ነውና።

9. ሻይ ቡናው ጋ ያለው

ያስተማራችሁትን ክበቡ እንዳያፈርሰው። ሻይ ያለ ስኳር ይቅረብ፣ ስኳሩ ለብቻ። የሚጠጣ ውሃ በየፎቁ። ስብሰባ ላይ ከኬክና ለስላሳ ይልቅ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቆሎ። ምሳ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ማሞቂያና የሚቀመጥበት ቦታ። ይህ የመጨረሻው ርካሽ ይመስላል፣ ግን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በ7 ደቂቃ ምሳውን የሚጨርስ ሰው ብዙ ነው።

10. ሦስተኛው ሳምንት

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰው ይቀንሳል። አትደንግጡ። ሪፖርት ይደርሳል፣ ኦዲት ይመጣል፣ ስብሰባ ይገባል። ያን ቀን 10 ደቂቃው 5 ይሁን እንጂ አይቅር። አንድ ቀን የቀረ ነገር ሁለተኛ ቀን ለመቅረት ይቀልለዋል።

ማንንም አታስገድዱ። የሚቆም ይቁም፣ የሚያይ ይይ። የክብደት ውድድር በፍጹም አታዘጋጁ። ሰው በባልደረቦቹ ፊት ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያተርፈው ሀፍረት ነው፣ በተለይ ሴቶቹ። የምትመዘግቡት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በየቀኑ ስንት ሰው ቆመ፣ እና በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቃችሁት «የት ያማችኋል?» ጥያቄ በ8ኛው ሳምንት ሲደገም ምን ተለወጠ። ደም ግፊቱ በ3 ወር ይደገም፣ በዚያው ነርስ፣ በዚያው በተዘጋ ክፍል።

ከዚያ መዝገቡን ዘርጉና አንድ ጊዜም ያልመጣውን ሰው ፈልጉ። እኛ ቢሮ ሁለት ነበሩ። አንዷ ስልክ የምታነሳው ልጅ ናት። ሌሎቹ ሲወጡ ስልኩ ይጮኻል፣ ማን ይያዘው? አንዱ ደግሞ ጋሼ፤ በሩን ትተው መምጣት አይችሉም። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ የሒሳብ ክፍል ልጆች በተራ ስልኩን ይይዛሉ። በሩን ደግሞ ሹፌሩ ይይዛል፣ ጋሼም ገብተው 10 ደቂቃ እግራቸውን ሰቅለው ያርፋሉ።